ብዙ ሎኮሞቲቭ ያለውን የጭነት ባቡር ፎቶ ለማንሳት የትኛው ጣቢያ ይሻላል? ፖይንት ኦፍ ሮክስ፣ ብረንስዊክ፣ ሃርፐርስ ፌሪ ወይስ ክሬሰን

ድሬዳዋ ለገሃር አጠገብ ያደገ ልጅ ፉርጎ መቁጠር ይወዳል። እኔም እቆጥር ነበር። አሜሪካ ከመጣሁ በኋላ ግን ዓይኔ ከፉርጎዎቹ ወደ ፊት ተሻገረ። እዚህ አንድን የጭነት ባቡር ሁለት፣ ሦስት፣ አንዳንድ ጊዜም አራት ሎኮሞቲቮች ተያይዘው ይጎትቱታል። ካሜራ ይዤ ስወጣ የምፈልገው ነገር አንድ ነው፦ ፎቶውን ያየ ሰው ሎኮሞቲቮቹን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብሎ መቁጠር እንዲችል። የፊተኛው ብቻ ታይቶ የቀሩት ከኋላው ከተደበቁ ባቡሩ ምን ያህል ጉልበት እንደያዘ ፎቶው አይናገርም። ከዚህ በታች ጣቢያዎቹን ያወዳደርኩት በዚሁ ሚዛን ነው።

በዋሽንግተን አጠገብ ካለችው ሲልቨር ስፕሪንግ በመኪና አንድ ሰዓት ያህል ወደ ሰሜን ምዕራብ የነዳ ሰው በፖቶማክ ወንዝ ዳር በአንድ ሐዲድ ላይ የተቀመጡ ሦስት ትንንሽ ከተሞች ያገኛል። መጀመሪያ ፖይንት ኦፍ ሮክስ፣ ወደ 10 ኪሎ ሜትር ያህል አለፍ ብሎ ብረንስዊክ፣ ሌላ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ሃርፐርስ ፌሪ። መስመሩ በ1827 የተቋቋመው የባልቲሞርና ኦሃዮ ምድር ባቡር ነበር፤ ዛሬ ሲኤስኤክስ የተባለው የጭነት ባቡር ኩባንያ ነው ባለቤቱ። አራተኛው ምርጫዬ ክሬሰን ሩቅ ነው፤ በፔንስልቬንያ ተራሮች ላይ፣ ኖርፎክ ሳዘርን በተባለው ሌላ የባቡር ኩባንያ መስመር። ከሲልቨር ስፕሪንግ ሦስት ሰዓት ገደማ መንዳት ይጠይቃል፤ ለምን እንደጨመርኩት ወደ በኋላ ግልጽ ይሆናል።

የሎኮሞቲቮቹ ቁጥር ለምን ይበዛል?

ይህን ሳያውቁ መውጣት ፎቶውን ይጎዳል። በዚህ መስመር ላይ አዘውትረው ከሚታዩት መካከል በጄኔራል ኤሌክትሪክ የተሠሩ ባለ 4,400 የፈረስ ጉልበት ናፍጣ ሎኮሞቲቮች አሉ። የአንዱ ርዝመት 22 ሜትር ያህል ነው፤ ክብደቱም 200 ቶን ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ሦስቱ ሲያያዙ ሹፌሩ ያለው በፊተኛው ላይ ብቻ ነው፤ የቀሩት በመካከላቸው በተዘረጋው ገመድ በኩል የእርሱን ትእዛዝ ይቀበላሉ። ብዙ ሞተሮችን ከአንድ ቦታ የመንዳትን ዘዴ ፍራንክ ስፕራግ በ1897 በቺካጎ የከተማ ባቡር ላይ ሠርቶ አሳይቷል፤ የዛሬዎቹም የዚያው ሐሳብ ልጆች ናቸው።

ሁሉንም ሎኮሞቲቭ ከፊት መደርደር ግን ገደብ አለው። ፉርጎዎቹን የሚያያይዘው መንጠቆ የሚችለው ጉልበት የተወሰነ ስለሆነ ከዚያ በላይ ከተጎተተ ባቡሩ ይበጠሳል። ስለዚህ ረጅምና ከባድ ባቡር ከሆነ አንዱ ሎኮሞቲቭ ከመሃል ወይም ከጭራ ይገባና በሬዲዮ ይታዘዛል። ተቃራኒውም ያጋጥማል፤ ከፊት አራት ቆጥራችሁ ሁለቱ ብቻ እየሠሩ የቀሩት ወደ ሌላ ጣቢያ የሚወሰዱ ሊሆኑ ይችላሉ። ለፎቶ ይህ ጉዳት የለውም፤ በምስሉ ላይ አራቱም አራት ናቸው።

ፊታቸው ወደየት እንደዞረም ተመልከቱ። ሁሉም ወደ ፊት ሲያዩ ሰልፍ ይመስላሉ፤ ጀርባ ለጀርባ ሲገጠሙ ደግሞ ቅርጹ ይለወጣል። እኔ ሰልፉን እመርጣለሁ፤ ተመሳሳይ ግንባሮች እየራቁ እያነሱ ሲሄዱ ለዓይን መቁጠር ይቀልለዋልና።

ፖይንት ኦፍ ሮክስ፦ ሕንፃና ባቡር በአንድ ፍሬም

በመላው አሜሪካ ፎቶ አንሺዎች የሚወዱት ትንሽ ጣቢያ ይህ ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ቀይ ጡብና ሹል ማማ ያለውን ሕንፃ የነደፈው አርክቴክት ፍራንሲስ ባልድዊን ነው፤ የተሠራው በ1873 ወደ ዋሽንግተን የሚወስደው አዲስ መስመር በተከፈተበት ጊዜ ነው። ወደ ባልቲሞር የሚሄደው አሮጌ መስመርና የዋሽንግተኑ መስመር የሚለያዩት እዚሁ ሲሆን ጣቢያው በሁለቱ መካከል እንደ ሽብልቅ ገብቷል። ማማው ወደ ምዕራብ፣ ሐዲዶቹ ወደሚገናኙበት ያያል። ሕንፃው ውስጥ መግባት አይቻልም፤ የመንገደኞች መሳፈሪያው ግን ክፍት ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ማማው ወደ ምዕራብ ስለሚያይ ብርሃን የሚያገኘው ከሰዓት በኋላ ነው። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከምዕራብ የሚመጣ፣ ማለትም ወደ ምሥራቅ የሚሄድ ባቡር ግንባሩ ጥላ ውስጥ ይወድቃል። ስለዚህ ማማውንና የሎኮሞቲቩን ፊት አብረው በብርሃን ማግኘት የሚቻለው ወደ ምዕራብ በሚሄድ ባቡር ብቻ ነው፤ ፎቶ አንሺው ከጣቢያው በስተምዕራብ፣ በሕዝብ መንገድ ላይ ቆሞ ወደ ምሥራቅ ሲያነሳ። የድንጋይ ከሰል የጫኑት ባቡሮች ወደ ባልቲሞር ወደብ ስለሚወርዱ ከምዕራብ ይመጣሉ፤ ባዶዎቹ ወደ ተራሮቹ ይመለሳሉ። ባዶ ባቡር አይናቅ፤ ሎኮሞቲቮቹንም ይዞ ነው የሚመለሰው።

ጠዋት ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል። በመሳፈሪያው ላይ ሆናችሁ ወደ ምዕራብ ብታነሱ በዚያ በኩል ካለው ዋሻ የሚመጣው ባቡር ግንባሩ በፀሐይ ይደምቃል፤ ማማው ግን ጠቁሮ ይወጣል። እኔ በዚያ ሰዓት ማማውን ከፍሬሙ አስወጥቼ ሎኮሞቲቮቹ ላይ አተኩራለሁ። ሁለቱንም ለማግኘት መሞከር ሁለቱንም ማበላሸት ነው።

ለመቁጠር ይመቻል? በመጠኑ። ሐዲዱ ሹካ ሆኖ የሚከፈል ስለሆነ ባቡሩ ሲታጠፍ ሁለተኛውና ሦስተኛው ሎኮሞቲቭ ጎናቸውን ያሳያሉ፤ ጊዜው ግን የጥቂት ሰከንዶች ጉዳይ ነው። ትክክለኛውን ቅጽበት ለመያዝ ባቡሩ ከመድረሱ በፊት የት ሲደርስ እንደምታነሱ መወሰን አለባችሁ፤ የምልክት ምሰሶ ወይም የመሳፈሪያው ጫፍ ጥሩ ምልክት ይሆናል።

ብረንስዊክ፦ ለጀማሪ የመጀመሪያ ምርጫዬ

ብረንስዊክ ጽድት ያለ የፖስት ካርድ መልክ የላትም። ከተማዋን ያቆማት የባቡር ግቢው ነው። ባልቲሞርና ኦሃዮ በ1890ዎቹ በወንዙ ዳር ሰፊ የፉርጎ መለያያ ሠራ፤ እስከዚያ በርሊን ትባል የነበረችው መንደር ብረንስዊክ ተብላ የባቡር ሠራተኞች ከተማ ሆነች። የዚያ ዘመን ጣቢያ ዛሬም የመንገደኞች ባቡር ይቆምበታል፤ በዋናው መንገድ ላይ ያለው ሙዚየምም የመስመሩን ታሪክና ትልቅ የባቡር ሞዴል ይዟል። ባቡር በመጠበቅ የተሰላቹ ልጆች ይዛችሁ ከሆነ እዚያ ግቡ።

ለምን ለጀማሪ? ባቡሮች እዚህ ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ፣ አንዳንድ ጊዜም ይቆማሉ፤ ስትሳሳቱ እንደገና ለመሞከር ጊዜ ታገኛላችሁ። ሁለተኛው ምክንያት ፀሐይ ናት። የድሮው የቼሳፒክና ኦሃዮ ቦይ የእግር መንገድ ከሐዲዶቹ በስተደቡብ፣ በግቢውና በወንዙ መካከል ያልፋል። የብሔራዊ ፓርክ አካል ስለሆነ መቆም ይፈቀዳል። ደቡብ ላይ የቆመ ሰው ፀሐይን ከጀርባው ወይም ከጎኑ ያገኛል፤ የሎኮሞቲቮቹ ጎን የቀኑን አብዛኛውን ጊዜ ብርሃን አለው። የሲኤስኤክስ ሎኮሞቲቭ ጥቁር ሰማያዊ ነው፤ ግንባሩ ላይ ብቻ ቢጫ። ያ ሰማያዊ ብርሃን ካላገኘ ጭቃ መስሎ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ለዚህ ኩባንያ ባቡር የደቡብ ጎን ትልቅ ሀብት ነው።

ጉዳቱ ዛፍ ነው። በሞቃቱ ወራት ቅጠሉ ሐዲዱን ይጋርዳል፤ ከኅዳር እስከ መጋቢት ግን ቅርንጫፉ ባዶ ይሆናል፣ ፀሐይም ዝቅ ብላ የመንኮራኩሮቹን አካባቢ ሳይቀር ታበራለች። በቅዝቃዜው ወራት ብረንስዊክን ከሦስቱ አስቀድማለሁ። ወደ ግቢው ውስጥ መግባት ግን ክልክል ነው፤ የሰው ግቢ ነው፤ የቆመ የመሰለ ፉርጎም ያለ ድምፅ ሊንቀሳቀስ ይችላል።

ሃርፐርስ ፌሪ፦ መልክዓ ምድሩ የሚገዛበት

ፖቶማክና ሸነንዶዋ የሚገናኙባት ይህች የዌስት ቨርጂኒያ ከተማ በታሪክ የታወቀችው ጆን ብራውን በጥቅምት 1859 ባርነትን ለማጥፋት በመሣሪያ ማከማቻው ላይ ባደረገው ዘመቻ ነው። በዚያች ሌሊት ሰዎቹ የባልቲሞርና ኦሃዮን የመንገደኞች ባቡር እዚሁ አቁመው ነበር። የእንጨቱ ጣቢያ በ1889 የተሠራ ሲሆን አዲሱ ድልድይ በ1931 ሲሠራ ከቦታው ተነስቶ ወደ አሁኑ ተዛውሯል።

ፎቶ አንሺው የሚመጣው ግን ለድልድዮቹ ነው። ባቡሩ በሜሪላንድ በኩል ካለው ገደል ውስጥ፣ ከዋሻ ወጥቶ በቀጥታ ወንዙ ላይ ይወጣል። ዋሻ፣ ድልድይ፣ ውሃ፣ ገደል፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ። ከ1894 ድልድይ ጋር የተያያዘ የእግረኛ መተላለፊያ አለ፤ የአፓላቺያን የእግር ጉዞ መንገድ በላዩ ያልፋል። በዲሴምበር 2019 ከሐዲድ የወጡ ፉርጎዎች መተላለፊያውን ሰብረውት ለወራት ተዘግቶ ነበር፤ በ2020 ተጠግኖ ተከፍቷል።

የዋሻው አፍ ወደ ምዕራብ ስለሚያይ ከከተማው በኩል ሆኖ ከዋሻ የሚወጣን ባቡር ለማንሳት ከሰዓት በኋላ ይሻላል። ከላይ፣ ከሜሪላንድ ሃይትስ ገደል ጫፍ ለሚያነሳ ደግሞ ጠዋት ይሻላል፤ ግን በጣም ማለዳ አይደለም፣ ተራራው ራሱ ድልድዩን ያጠላዋልና። ረፋዱ ላይ ደርሳችሁ ጠብቁ። የእግር ጉዞው ደርሶ መልስ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ዳገቱም ይታወቃል፤ ውሃ ያዙ።

ከላይ ሲታይ ሎኮሞቲቮቹ ትንንሽ ይሆናሉ፤ ግን ለመቁጠር ከዚህ የሚሻል ቦታ በሦስቱ ከተሞች ውስጥ አላገኘሁም። ከዋሻው ሲወጡ በድልድዩ ላይ አንድ በአንድ ይሰለፋሉ፤ አንዱ ሌላውን አይሸፍንም። ደካማነቱ ሌላ ነው፤ ፎቶው የተራራና የወንዝ ፎቶ ይሆናል፣ ባቡሩም ጌጥ። የሎኮሞቲቩን ቁጥር፣ የጭስ ማውጫውን፣ ከመስኮቱ የሚያየውን ሹፌር የሚፈልግ ሰው ከታች በመሳፈሪያው ላይ ይቁም። ድሮን ለማስነሳት ላሰበ፦ በብሔራዊ ፓርክ ክልል ውስጥ የተከለከለ ነው።

ክሬሰን፦ ረጅም መንገድ የሚያዋጣበት

ፔንስልቬንያ ድረስ ለምን እንሂድ? ምክንያቱም ከላይ በተጠቀሱት ከተሞች ሦስት ሎኮሞቲቭ ማግኘት የዕድል ጉዳይ ነው፤ ክሬሰን ባለችበት በአልጌኒ ተራሮች ላይ ግን ዳገቱ ራሱ ያመጣቸዋል። ባቡሩ ከፊት ካሉት በተጨማሪ ረዳት ጥንድ ሎኮሞቲቮች ከጭራው ይገጠሙለታል፤ ሲወጣ ይገፉታል፣ ሲወርድ ደግሞ ሞተሮቻቸውን ለፍሬን በማዋል ይይዙታል። ክሬሰን የእነዚህ ረዳቶች መናኸሪያ ናት፤ ባቡር ለሚያዩ ሰዎች ተብሎ የተሠራ መመልከቻ መድረክም አላት። ከእርሷ አጠገብ ጋሊትዚን አለች፤ ባቡሩ የተራራውን ጫፍ በዋሻ የሚያልፍባት። ወደ አልቱና ከተማ ሲወረድ ደግሞ በ1854 የተከፈተው የፈረስ ጫማ ቅርጽ ያለው ታዋቂ ጥምዝ፣ ሆርስሹ ከርቭ፣ ይገኛል። እዚያ ረጅም ባቡር ሲዞር ፊቱንና ጭራውን በአንድ እይታ ማየት ይቻላል። ስለ መቁጠር ከሆነ የሚወዳደረው የለም።

የኖርፎክ ሳዘርን ሎኮሞቲቭ ጥቁር ነው፤ ካሜራው ጥቁሩን አይቶ ሰማዩን ያነጣዋል፣ ወይም ሰማዩን አይቶ ሎኮሞቲቩን ያጠፋዋል። ጥቁሩ ዝርዝሩን እንዳያጣ ትንሽ ብርሃን ጨምሩ፤ ሰማዩ በመጠኑ ቢሳሳ ይሻላል። ኩባንያው በ2012 ሃያ ሎኮሞቲቮችን በቀድሞ ኩባንያዎች ቀለም አስቀብቷል፤ ከእነርሱ አንዱ ካጋጠማችሁ ቀኑ ሞላ። ሲኤስኤክስም ከ2023 ጀምሮ ተመሳሳይ ሥራ ጀምሯል፤ የመጀመሪያው 1827 የሚል ቁጥር የተሰጠው የባልቲሞርና ኦሃዮ መታሰቢያ ነው። እርሱን በፖይንት ኦፍ ሮክስ ማማ ሥር ማንሳት የብዙዎቻችን ምኞት ነው።

ሌንስና ርቀት

ከጎን በኩል ሦስት ሎኮሞቲቮችን ሙሉ በሙሉ ለማስገባት 66 ሜትር ስፋት ያስፈልጋል። ሙሉ ፍሬም በሚባለው፣ ትልቅ የምስል ዳሳሽ ባለው ካሜራ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ከተጠቀማችሁ ከሐዲዱ 90 ሜትር ያህል መራቅ አለባችሁ፤ በ24 ሚሊ ሜትር ደግሞ 45 ሜትር ይበቃል። የአብዛኞቹ ስልኮች ዋና ካሜራ ለዚህ ለሁለተኛው ይቀርባል። ስለዚህ ስልክ ብቻ ያለው ሰው ብረንስዊክን ወይም የሃርፐርስ ፌሪን ወንዝ ዳር ይምረጥ፤ በመሳፈሪያ ላይ በስልክ የተነሳ ባቡር ግንባሩ ያብጣል፣ ጓደኞቹም ይጠፋሉ።

ረጅም ሌንስ፣ ከ135 እስከ 200 ሚሊ ሜትር፣ ሎኮሞቲቮቹን አቀራርቦ ያሳያል፤ ይህ ግን የሚሠራው ከሐዲዱ ፈቀቅ ብላችሁ ወይም ጥምዝ ባለበት ስትቆሙ ነው። ፊት ለፊት ከሆናችሁ የፊተኛው ሁሉንም ይሸፍናል።

ስለ ፍጥነት፦ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ባቡር በአንድ ሰከንድ 22 ሜትር ይጓዛል። በ1/1000 ሰከንድ ውስጥ 2 ሴንቲ ሜትር ነው፤ በ1/250 ግን 9 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፣ ይህም የተጻፈውን ቁጥር ያደበዝዛል። ከጎን ለሚነሳ 1/1000፣ ሰያፍ ለሚመጣ 1/500 እጠቀማለሁ። የፊት መብራቱ ካሜራውን እንዳያታልለው ደግሞ የብርሃኑን መጠን ባቡሩ ከመድረሱ በፊት በእጅ አስተካክሉ።

መጓጓዣና መቆሚያ

በሲልቨር ስፕሪንግ የሚያልፈው ማርክ የተባለው የሜሪላንድ የመንገደኞች ባቡር በሦስቱም የፖቶማክ ጣቢያዎች ይቆማል፤ ግን የተሠራው ለዋሽንግተን ሠራተኞች ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ጠዋት ወደ ከተማ፣ ከሰዓት በኋላ ወደ ምዕራብ። ጠዋት ወጥቶ ማታ መመለስ ለሚፈልግ ፎቶ አንሺ አይሆንም። የአገር አቀፉ የመንገደኞች ባቡር ኩባንያ አምትራክ ከኖቬምበር 2024 ጀምሮ ፍሎሪዲያን ብሎ በሚጠራው የቺካጎ ባቡር ሃርፐርስ ፌሪ መድረስ ይቻላል፤ እርሱም ከሰዓት በኋላ ስለሚወጣ ማደር ይጠይቃል። መኪና ያለው ሰው ሦስቱንም በአንድ ቀን ያዳርሳል፦ ረፋድ ላይ ሜሪላንድ ሃይትስ፣ እኩለ ቀን ላይ ብረንስዊክ፣ ከሰዓት በኋላ ፖይንት ኦፍ ሮክስ። ቅደም ተከተሉን ፀሐይ ነው የመረጠችው፤ ገልብጣችሁ ብትሄዱ ቀኑን ሙሉ ጥላ ስታሳድዱ ትውላላችሁ።

አንድ ጉዳይ ላይ ቸልታ አይገባም። ባቡሩ ከሐዲዱ ውጪ በሁለቱም ጎን ቢያንስ አንድ ሜትር ያህል ይወጣል። በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር የሚሄድ የጭነት ባቡር ለመቆም ከአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ይፈልጋል፤ ሹፌሩ ቢያያችሁም ሊያድናችሁ አይችልም። ከቢጫው መስመር ወዲህ ቁሙ። አንድ ባቡር ስታነሱ በሌላው ሐዲድ ሌላ ሊመጣ እንደሚችል አስቡ፤ የመጀመሪያው ድምፅ ሁለተኛውን ይሸፍነዋል።

እንግዲህ ጀማሪ ከሆናችሁ ወይም የቅዝቃዜው ወራት ከሆነ ብረንስዊክ፤ ለግድግዳ የሚሰቀል አንድ ፎቶ ከፈለጋችሁ ከሰዓት በኋላ ፖይንት ኦፍ ሮክስ፤ ቤተሰብ ይዛችሁ ከወጣችሁ ሃርፐርስ ፌሪ፤ የሎኮሞቲቭ ብዛት ራሱ ከሆነ ፍላጎታችሁ ክሬሰን። በየትኛውም ቦታ ግን የፊተኞቹ ካለፉ በኋላ ካሜራውን ቶሎ አታውርዱ። በፖይንት ኦፍ ሮክስ ከሰዓት በኋላ ወደ ምሥራቅ የሄደ የከሰል ባቡር ፊቱ ጥላ ሆኖባችሁ ሊሆን ይችላል፤ ከመቶ ፉርጎ በኋላ ግን በጭራው የተገጠመ፣ ግንባሩን ወደ ኋላ ያዞረ ሎኮሞቲቭ ሊከተል ይችላል፤ ያን ጊዜ ፀሐይዋ በእርሱም ላይ በማማውም ላይ ነች።